እናቶቹ አይቀጠፉም

ፍሬስኖ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1930

ለወንድሜ ልጅ ለሚህራን፣

ዓይኔ አልጠፋም። የጎረቤቴ የቶሮስ አማች ሰሞኑን ከፊላደልፊያ ተመልሶ፣ እናንተ ዘንድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «የሚህራን አክስት ታውራለች፤ በለሱን ያሰናዳችው በዳበሳ ነው» ሲባል መስማቱን ነገረኝ። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ያለ መነጽር በመርፌ ክር አስገብቻለሁ። ቶሮስ ቆሞ ያይ ነበር። «ክሩ ወፍራም ነው» አለኝ። ቀጭን አምጥቼ ደገምሁለት። «እንግዲያው ቀዳዳው ነዋ የሰፋው» ብሎ ሄደ። ወሬውን ያስነሣው ማን እንደሆነ ባታውቅም፣ እርማቱን አድርስልኝ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። አንተም፣ ባለቤትህ አርሻሉይስም ደኅና እንደ ሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሰላምታ በፊት ወደ ነገር መግባት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ በኢዝሚር ትምህርት ቤት ለዚህ ብቻ ጣታችን በማስመሪያ ይመታ ነበር። ያስተማሩን ሴቶች ግን ታወሩ ተብሎ አልተወራባቸውም።

የላክሁልህን የደረቀ በለስ መንግሥት በምግብ ንጽሕና ሕግ ይዞታል ብለሃል። ሣጥኖቹ «ውስጡ የበሰበሰ» ተብለው ታሽገዋል፤ ባለቤት ነኝ የሚል በጃንዋሪ መጨረሻ ዳኛ ፊት ቀርቦ ካልተከራከረ ይቃጠላሉ። በለሱ ከዚህ ሲነሣ ንጹሕ እንደ ነበረ ምዬ ወረቀት እንድልክልህ ጠይቀኸኛል።

የለቀምሁት፣ ያደረቅሁት፣ የደረደርሁት እኔ ነኝ። ስለ ቆዳው ዛሬውኑ እምላለሁ። ስለ ውስጡ ግን ያላየሁትን አልምልም። ስለዚህ ከታሸገው ሳይሆን ለቤታችሁ ካስቀረኸው ጥቂት በለስ ውሰድ። ከጎኑ አትቁረጥ፤ ከታች ካለችው ቀዳዳ ጀምረህ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ ሰንጥቀው። ያየኸውን ጻፍልኝ፤ የምትመኘውን አይደለም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። በየክዳኑ ላይ የባሌ የጋራቤድ ስም ተጽፏል። የመንግሥት ወረቀት የተለጠፈው በስሙ ላይ ነው ወይስ ከጎኑ?

አክስትህ ሰርፑሂ


ፊላደልፊያ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1930

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጣቴን እንዳልመታ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን፤ በረዶ ጥሏል።

ወሬው የወጣው ከቤታችን ነው፤ ይቅር ይበሉን። ደንበኞቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ አርሻሉይስ ልታሳዝናቸው ብላ «አክስቱ እኮ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል» አለቻቸው። በሳምንቱ «ደክሟል» የነበረው «ጠፍቷል» ሆነ። ስለ ቀጭኑ ክር ሳነብላት እየሳቀች አለቀሰች።

እንዴት እንደ ተያዘ ባለፈው በግማሹ ነው የጻፍኩት፤ እነሆ ሙሉው። ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ከምግብ መሥሪያ ቤቱ፣ አንዱ ከፍርድ ቤቱ። የምግቡ ሰው ገና ወጣት ነው፣ ጉንፋን ይዞታል። አርሻሉይስ አዘነችለትና በለስ ዘረጋችለት። «እንካ ልጄ፣ ለጉሮሮህ።»

«እመቤቴ፣ ይሄ ማስረጃ ነው» አላት።

«ማስረጃ ሳል አያድንም ያለህ ማን ነው?»

ሳቀና ሻይዋን ብቻ ጠጣላት። ከዚያ ቢላውን አውጥቶ መክፈት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቀም።

ወረቀቱን ከስሙ ጎን እንዲለጥፈው ለመንኩት፤ ከጎኑ ለጠፈው። አይሳቀቁ።

ጥፋቱ የምድር ቤታችን ነው፣ አክስቴ። ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ሣጥኖቹን እሱ ሥር መደርደር አልነበረብኝም። ዳኛው ፊት ቀርቤ ይህንኑ በመሐላ እናገራለሁ፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። የእርስዎን መሐላ ይተዉት፤ መጠየቄም ስሕተት ነበር።

ቶሮስን ሰላም በሉልኝ። በለሱ ለአረቄ እንኳ እንዳይውል ሕግ ከልክሏል በሉት፤ እሱ ይሄን ሲሰማ ከእኛ በላይ ያዝናል።

ሚህራን


ፍሬስኖ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1931

ለሚህራን፣

ሰላም ለአንተና ለአርሻሉይስ። ይቅርታችሁን ተቀብያለሁ። የእኛ የአርመኖች በዓል ሦስት ቀን ስለ ቀረው አስቀድሜ እንኳን ለልደቱና ለጥምቀቱ አደረሳችሁ እላለሁ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ በረዶው፣ ስለ ሻይው፣ ስለ ቧንቧው ጽፈሃል። በለሱን ከፍተህ ምን እንዳየህ አልጻፍህም። የጠየቅሁህ ግን እርሱን ነበር።

እርጥብ ምድር ቤት በለስን ከውጭ ነው የሚያበላሸው፤ ቆዳው ይሻግታል፣ ይጣበቃል፣ ሽታው ከደጅ ይቀበልሃል። «ውስጡ የበሰበሰ» ተብሎ አይጻፍበትም። ከሰባት ዓመትህ ጀምሮ በዚህ ግቢ በለስ እየለቀምህ ያደግህ ልጅ ይህን ታውቃለህ።

የአምራቾቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ባለፈው ሰኞ ቤቴ መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ ያዟዙራል እንጂ የመጣበትን አይናገርም። በመጨረሻ «ማዳም ሰርፑሂ፣ ብልሽቱ ከመጋዘን ከሆነ የሚህራን ጉዳይ ነው። ከዛፍ ከሆነ ግን ማኅበሩ የእርስዎን በለስ ከሌላው ሰው በለስ ጋር መቀበል አይችልም» አለኝ። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የአንተ ሱቅ፣ ወይ የጋራቤድ ማሳ። ይህን ስላወቅህ ነው ስለ ቧንቧው የጻፍኸው?

እሱ በሄደ ማግስት ሊንድ የሚባል የእርሻ ቢሮ ወጣት መጣ። ከወንዱ በለስ ዛፍ ላይ የክረምቱን ፍሬዎች ቆርጬ ልይ አለኝ። ጋራቤድ ቅርንጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በመርከብ ከአይዲን ድረስ ያመጣው ዛፍ ነው። እነዚያን ፍሬዎች እኛ እናቶች እንላቸዋለን፤ እናት ደግሞ አይቀጠፍም፤ እናቴም አልቀጠፈችም፣ እናቷም አልቀጠፈችም። ልጁ ግን እጁን ሰደደ። በመጥረጊያ አስወጣሁት። ቶሮስ በአጥሩ ላይ ሆኖ «ሴትዮዋ አታይም እንዳትሉ፤ ጭንቅላቱን አልሳተችም!» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ይመሰክርልኝ ነበር።

ለልደት ለቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ዘቢብ ልኬአለሁ። በለስ አልላክሁም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

አክስትህ ሰርፑሂ


ፊላደልፊያ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1931

አክስቴ፣

ዘቢብ? እርስዎ?

ደብዳቤውን ለአርሻሉይስ እያነበብኩላት እዚህ ስደርስ አቁሜ መስመሩን ደግሜ አነበብኩት። እኔ እርስዎ ዘንድ ከመጣሁበት ዓመት ጀምሮ ያንን የልደት በለስ አንድም ጊዜ አላስቀሩም፤ አጎቴ ጋራቤድ በሞተበት ክረምት እንኳ አላስቀሩም። ስለዚህ ለልጆቹ ያስቀመጡትን ሣጥን ከፍተው አይተዋል። እንዳልጠይቅ ስላሉኝ አልጠይቅም። የእኔን ግን ልንገርዎ።

አንዲት ደንበኛ ሣጥኗን ይዛ ተመለሰች። አንዱን በለስ ከፍታ ከፊቴ አስቀመጠችው። ቆዳው ወርቅ ይመስላል፤ ውስጡ ከቀዳዳው ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ሄዷል። ሌላ ከፈትኩ። ከየሣጥኑ ከፈትኩ። የዚያን ዕለት መሸጥ አቆምኩ፤ መንግሥት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መሐላ እንዲልኩልኝ የጻፍኩት አውቄ ነው። ፈርቼ ነበር። ደብዳቤው ፖስታ ቤት ከገባ በኋላ አፈርኩ።

ቧንቧው አያንጠባጥብም። ምድር ቤታችን ደረቅ ነው።

አሁን ይስሙኝ፣ አክስቴ፤ ሳይቆጡ ይስሙኝ። ጃንዋሪ ሃያ ስምንት ዳኛው ፊት እቆማለሁ። ምድር ቤቱ ነው ልበል። ምድር ቤት ስም የለው፣ አይከፋው። ሱቁ ቢዘጋ እኔ ወጣት ነኝ፤ መኪና እነዳለሁ፣ ዕቃ እሸከማለሁ፣ አርሻሉይስም ትሰፋለች። እርስዎ ግን ሌላ ማሳ የለዎትም፤ ጋራቤድም ሌላ ስም የለውም። እናትና አባቴን አጥቼ እደጅዎ ስደርስ የመጀመሪያውን በለስ ሳይከፍቱ አልሰጡኝም። ለሁለት ሰንጥቀው፣ ወደ ብርሃን አዙረው፣ ውስጡን አይተው ነበር የሚያጎርሱኝ። ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ። ያንን በምን ልመልስ? በአንዲት ቃል ብመልሰው ምን አለበት?

እባክዎ ዝም ይበሉ። የምለምንዎ ይሄንኑ ብቻ ነው።

ሚህራን


ፍሬስኖ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1931

ለሚህራን፣

ዝም አልልም።

ይህ ደብዳቤ ከዳኛው ቀን በፊት እንዲደርስህ በፈጣኑ ባቡር ልኬዋለሁ። በቁጣ የጻፍሁት ከመሰለህ አልተቆጣሁም፤ የተቆጣሁበትን ወረቀት ትናንት ቀድጄዋለሁ።

ሊንድን አስጠራሁት። አጥሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ አልገባም።

«ና ግባ» አልሁት።

«መጥረጊያው የት ነው?»

«ከበሩ ጀርባ። ቢላህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ቁረጥ።»

የሆነውን ለአርሻሉይስም አንብብላት፤ እርሷ የከተማ ልጅ ናት፣ አታውቀውም። የእኛ በለስ ያለ ወንዱ ዛፍ ፍሬዋ ሳይበስል ይረግፋል። የወንዱ ፍሬ አይበላም፤ በውስጡ ግን ከሰሊጥ የምታንስ ተርብ ታድራለች። ክረምቱን በእናቶቹ ውስጥ ትከርማለች፤ በጸደይ ወጥታ ወደ አዲሶቹ የወንዱ ፍሬዎች ትገባለች። እነዚያን በጁን በክር ሰክተን በሴቶቹ ዛፎች ላይ እናንጠለጥላለን፤ ተርቧም የወንዱን አበባ ዱቄት ተሸክማ በታችኛዋ ቀዳዳ ወደ በለሱ ትገባለች። ያለ እርሷ በለስ የለም።

ሊንድ የመጀመሪያዋን እናት ከፈታት። ውስጧ ቡናማ ነበር። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ደኅና ነበረች፤ ደስ አለኝ፣ አራተኛዋን እስኪከፍት ድረስ።

«ተርቧ ዱቄቱን ብቻ አይደለም የምትሸከመው» አለኝ። «በሽታውንም በእግሯ ይዛ ትወጣለች። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ማሳው ሁሉ።»

«ሌሎቹስ? የቶሮስስ ማሳ?»

ቶሮስ እንደ ልማዱ አጥሩ ላይ ነበር። «እኔማ በየክረምቱ እቀጥፋለሁ» አለ። «ቢሮው በመድኃኒት የነከራቸውን እናቶች አምጥቼ እሰቅላለሁ። አንቺ ነሽ ‹ለዛፎቼ ሙሽራ ከገበያ አልገዛም› እያልሽ ስታሾፊብኝ የኖርሽው።»

ብዬዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያልሁት። በዚህ አገር እናቶቹ ያልተነኩበት ዛፍ የእኔ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በሽታው መጠጊያ ያገኘው በእርሱ ላይ ነው። ቶሮስ ይህን ጊዜ ሊያላግጥብኝ ይችል ነበር። ባርኔጣውን አወለቀና «ጋራቤድም ቢሆን አይቀጥፍም ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገባ። ከነገሩ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

አሁን የአንተ ነገር። በለሱን ከፍቼ የሰጠሁህ እውነት ነው። እንድትመልሰው አይደለም፤ ውስጡን ሳታይ እንዳትጎርስ ነው። እኔ ግን ለልጅ የምከፍተውን ለገዢ ሳልከፍት ሰደድሁ። በርግጥ ሙሉ በለስ እየተከፈተ አይሸጥም። ሆኖም ከየዛፉ ሥር ጥቂት መክፈት እችል ነበር፤ የራሴ ዛፍ ስለሆነ አልከፈትሁም።

ቃለ መሐላ ወደሚቀበለው ሹም ሄጄ እንዲህ አስጽፌአለሁ፦ በለሱ ከዚህ ሲነሣ ቆዳው ንጹሕ፣ ውስጡ የታመመ ነበር፤ ሕመሙ የመጣው ከእኔ ዛፍ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ሲቀበለው አያውቅም ነበር፤ ሲያውቅ መሸጥ አቆመ። ሹሙ «ስለ ምድር ቤቱስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ደብዳቤህን ሳይሆን ወሬውን ሰምቶ ነው። «አይቼው አላውቅም፤ አትጻፈው» አልሁት። አንዱን ወረቀት ለፍርድ ቤቱ ልኬአለሁ። ሌላውን ለማኅበሩ ሊቀ መንበር በእጄ ሰጥቻለሁ።

ስለዚህ ጃንዋሪ ሃያ ስምንት ዳኛው ፊት ስትቆም ምድር ቤትህ ደረቅ መሆኑን ተናገር። መጽሐፉ ላይ እጅህን ጭነህ ለእኔ ስትል ከዋሸህ፣ የልጅነት በለስህን ሁሉ እንደ ተፋኸው እቆጥረዋለሁ።

አርሻሉይስ አታልቅስ በላት። ሱቁን ትክፈት።

አክስትህ ሰርፑሂ


ፊላደልፊያ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1931

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዋዜማው ነበር።

ዳኛው ወረቀትዎን ጮክ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ «ይህቺ ሴት ስንት ዓመቷ ነው?» አለ። «ሰባ አራት» አልኩት። «ዓይኗ ያያል?» አለ፤ ወሬያችን እሱም ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። «ከሁላችንም ይሻላል» አልኩ። ሰዎች ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ባለቤት ነኝ ብዬ እንደማልከራከር ተናገርኩ፤ በለሱ እንዲወድም ፈረደ። በእኔ ላይ ምንም አላለም።

ሲቃጠል ልይ ብዬ ሄድኩ። ከወንዙ ዳር ባለው የከተማው እሳት ውስጥ ሣጥን በሣጥን ጣሉት። ሽታው ክፉ ይሆናል ብዬ ነበር። እንደ ተጠበሰ ስኳር ነበር፤ ከማዶ ያሉ ሠራተኞች ምን እየተጋገረ ነው ብለው ቆመው ያሸቱ ነበር። ያ ጉንፋን የያዘው ወጣት አጠገቤ ነበር፤ ድኗል። «አዝናለሁ» አለኝ። «አትዘን፣ ልክ ነበርክ» አልኩት።

አንድ ውሸት ቀርቶኛል። ወረቀቱን የለጠፉት በአጎቴ ስም ላይ ነበር፤ በየሣጥኑ፣ ልክ በስሙ ላይ። ለምኜው ነበር። ክዳኑ ላይ ሌላ ለስላሳ ቦታ የለም አለኝ። አሁን ወረቀቱም ስሙም አብረው ተቃጥለዋል። ይቅር ይበሉኝ።

ደንበኞቹ ግማሾቹ ተመልሰዋል። ያቺ ሣጥኗን የመለሰችው ሴትዮም ትናንት ገብታ ለውዝ ገዛች፤ ከመክፈሏ በፊት አንዱን ሰብራ አየችው። አርሻሉይስ «ይህቺን ሴትዮና አክስትህን አንድ ክፍል ውስጥ እንዳታገናኛቸው» አለችኝ።

ማኅበሩስ ምን አለ? ዛፉንስ ምን ሊያደርጉት ነው?

ሚህራን


ፍሬስኖ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1931

ለሚህራን፣

ሰላም ለቤታችሁ ሁሉ። ያቺን ሴትዮ ሰላም በልልኝ።

ስለ ወረቀቱ ይቅር ብዬሃለሁ። በስሙ ላይ መሆኑን ገና ዲሴምበር ላይ አውቄ ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት «አይሳቀቁ» ብለህ ጽፈህልኝ አታውቅም።

ማኅበሩ ዘንድሮ የእኔን በለስ አይቀበልም። በመጪው ዓመት ሊንድ ከየዛፉ ከፍቶ ንጹሕ ነው ካለ ይቀበላል። ሊቀ መንበሩ ይህን ሲነግረኝ ባርኔጣውን አላዟዟረም፤ እኔም አልተከራከርሁም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። የጋራቤድን ስም ግን እኔ ራሴ ከክዳኑ አውጥቼዋለሁ። ንጹሕ በለስ በእጄ ሲገባ እመልሰዋለሁ። በሕይወት ባልኖር አንተ ትመልሰዋለህ፤ ከፍተህ ካየህ በኋላ።

ዛፉ አይቆረጥም። ሊንድ ዛፉ ጤነኛ ነው ይላል፤ የታመሙት እናቶቹ ናቸው። አንዲት እንኳ ሳትቀር ከተለቀሙ፣ በማርች መጨረሻ ቢሮው የተነከሩ እናቶች ያመጣልኛል፤ ሙሽራው ከገበያ ይሆናል ማለት ነው። ቶሮስ ይህን እስከ ዕለተ ሞቱ ያወራዋል፤ መብቱ ነው። ዛሬ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከጫፍ ላይ አንዷን ተይለት፤ ለጋራቤድ» አለኝ። አንዷ እንደምትበቃ ሊንድ ነግሮኛል፤ ማሳውን ሁሉ መልሶ ለማበላሸት።

ነገ ሲነጋ በመጀመሪያ የቶሮስን ረጅም መሰላል አስመጣለሁ፤ እሱ ይያዝልኝ፣ የምወጣው እኔ ነኝ። ቀጥሎ ከታች ጀምሬ እናቶቹን እቀጥፋለሁ፣ የወደቁትንም ከሣሩ ውስጥ እለቅማለሁ። ከዚያ ከአጥሩ ርቄ እሳት አነድድና በጆንያ በጆንያ እጥላቸዋለሁ። ከጫፍ ያለችውን መጨረሻ ላይ አወርዳታለሁ። እርሷን ከመጣሌ በፊት ግን በቢላዬ ከፍቼ ወደ ብርሃን አዞራታለሁ። ደኅና ሆና ብትገኝም እሳት ውስጥ እጥላታለሁ፤ ሳላያት ግን አልጥላትም።

አክስትህ ሰርፑሂ